መርፌውና እንዶዱ

አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ጠንቶባቸው ጤና ጣቢያ ደርሰው ሲመለሱ በር ላይ አገኘኋቸውና «እንዴት ሆኑ ጋሼ፣ ታከሙ?» አልኳቸው።

«ምኑን ታከምኩት!» አሉኝ አኩርፈው። «ልጅቱ ደረቴን አዳመጠች፣ ክኒን ሰጠችኝ፣ አለቀ። መርፌ እንኳን አልወጋችኝም እኮ!»

ለጋሼ ሕክምና ማለት መርፌ ነው። ክኒን ለማስታገሻ ነው፣ ሽሮፕ ለሕፃን ነው፤ መዳን የፈለገ ሰው ግን ይወጋል። ደግሞስ ማን ይፈርድባቸዋል? የእሳቸው ትውልድ ፔኒሲሊን ሰውን ከሞት አፋፍ ሲመልስ በዓይኑ ያየ ትውልድ ነው። በየገጠር ከተማው አንድ «መርፌ ወጊ» አይጠፋም ነበር፤ ከድሬሰርነት የተሰናበተ ወይም ከጦር ሠራዊት ሕክምና ክፍል የወጣ። ያቺን የመስታወት ሲሪንጁን በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል። ምድጃ ላይ ውኃ ያስጥዳል፤ መርፌውን ነከር አድርጎ ያወጣና ይወጋል። ውኃው ስንት ደቂቃ ፈላ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

ይህቺ «ስንት ደቂቃ» የምትባል ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትታለፍ አይደለችም። ከወንዛችን ግርጌ፣ ግብፅ ውስጥ፣ በደንብ ሳትጠየቅ ቀርታ የአንድ ትውልድ ጉበት ተበላሽቷል። በዚያው ዘመን እዚህ እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ መፍትሔ ከልብስ አጣቢ ሴቶች እጅ ሥር ተገኝቶ፣ ያለ ልክ ተጠይቆ፣ ተጠይቆ፣ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ሁለቱ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

* * *

የሁለቱም ታሪክ መነሻ አንድ ትል ነው። ቢልሃርዚያ የምንለው በሽታ ጥንታዊ ነው። በ1910 ማርክ አርማንድ ሩፈር የተባለ ተመራማሪ ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የግብፅ ሬሳዎችን መርምሮ ኩላሊታቸው ውስጥ የትሉን እንቁላል አግኝቷል። ትሉን ራሱን መጀመሪያ ያየው ግን ካይሮ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው፤ በ1851። በሽታውም ስሙን ከእሱ ወሰደ።

የትሉ ኑሮ ብልጠት የበዛበት ነው። እንቁላሉ ከታመመ ሰው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ይፈለፈላል። ግን በቀጥታ ሌላ ሰው አይዝም። መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ሆድ ገብቶ መራባት አለበት። ይህን በ1913 ያረጋገጡት ሚያይሪና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናውያን ናቸው። አንድ ሆኖ የገባው በሺህ ተባዝቶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሊዋኝ የገባውን ልጅ፣ ውኃ ልትቀዳ የወረደችውን ሴት፣ መስኖ የሚያጠጣውን ገበሬ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቶሎ አይገድልም። ሽንትን ደም ያደርጋል፣ ሆድ ይነፋል፣ ጉበትን ያጠጥራል፣ ልጅን ያቀጭጫል።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ሦስት ቀለበት አለው ማለት ነው፤ ሰው፣ ውኃ፣ ቀንድ አውጣ። ግብፅ ሰውን ይዛ ተነሣች።

* * *

በ1918 ካርቱም ውስጥ ይሠራ የነበረ ክሪስቶፈርሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን የተሠራ ጨው በደም ሥር ቢሰጥ ትሉን እንደሚገድል አሳወቀ። ትልቅ ግኝት ነበር። ግን መድኃኒቱ ራሱ መርዝ ቢጤ ነው፤ ያስታውካል፣ ልብን ያውካል። ስለዚህ በአንዴ አይሰጥም፤ በትንሽ በትንሹ፣ አንዱ በሽተኛ 12 ጊዜ፣ 16 ጊዜ እየተመላለሰ ይወጋል።

ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የግብፅ መንግሥት ይህን መድኃኒት በዘመቻ መልክ ለገበሬው አደለ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ከዓለም ታላላቅ የጤና ዘመቻዎች አንዱ ተብሎም ተወድሷል። በ1964 የታተመ የአንድ ሐኪም ጽሑፍ ሥራው በምን ፍጥነት ይካሄድ እንደነበር ያሳየናል። አንድ የሠለጠነ ሐኪም በሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ከ500 በላይ ሰው ወግቶ ጨረሰ፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይለይ። ያገለገለው ሲሪንጅ ይታጠባል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀቀላል፣ ተመልሶ ወደ ሰልፉ ይመጣል። ጸሐፊው ይህን የጻፈው በአድናቆት ነበር።

አንድ ሁለት ደቂቃ! ጋሼ ያን ጊዜ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ በደስታ ክንዳቸውን ይሰጡ ነበር።

ያ ሰልፍ ስም ያልወጣለት ሌላ በሽታ ከክንድ ወደ ክንድ ያሻግር ነበር። ያኔ ማንም አያውቀውም። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ሃርቬይ ኦልተር ደም የተለገሳቸው በሽተኞች ከታወቁት ከኤ እና ከቢ ውጭ በሆነ የጉበት በሽታ እንደሚያዙ አሳየ። ቫይረሱ ራሱ የተለየው በ1989 ነው፤ በማይክል ሆውተንና ባልደረቦቹ። ሄፓታይተስ ሲ ተባለ። ቫይረሱ ብቻውን በሽታውን እንደሚያመጣ ያረጋገጠው ደግሞ ቻርልስ ራይስ ነው። ሦስቱ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

መመርመሪያው እንደተገኘ ግብፅ ስትመረመር ነገሩ አስደነገጠ። በ2008 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 59 ዓመት ካሉት ሰዎች 14.7 በመቶ የሚሆኑት ደም ውስጥ የቫይረሱ አሻራ ተገኘ። በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት ቁጥሮች አንዱ ነው። ለምን ግብፅ? በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የዕድሜንና የአካባቢን ስርጭት ከዘመቻው መዝገብ ጋር አስተያይቶ ጣቱን ወደዚያ ሰልፍ ቀሰረ። ብዙ የተወጋበት አካባቢና ብዙ የተወጋ የዕድሜ ክልል፣ ቫይረሱም የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ትሉን ልታወጣ የገባች መርፌ ቫይረስ አስገብታ ወጣች።

* * *

አሁን ሽቅብ ወደ እኛ እንመለስ። ያ ጽሑፍ በታተመበት በዚያው በ1964 አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላል፤ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የመጣ። ሥራው ቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን ማጥናት ነው።

ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። የሚያጥቡበት ደግሞ እንዶድ ነው። እንዶድን ለማያውቀው የዛሬ ልጅ ልንገረው፤ ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። የእናቶቻችን ነጠላ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ለጥምቀት ይደርስ የነበረው በእሱ ነው። አክሊሉ ያየው ታዲያ ነጠላውን አይደለም። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ ቀንድ አውጣው ሞቶ ተንሳፏል። ከፍ ብሎ ባለው ውኃ ግን በሕይወት አለ። በሕይወት ያለውን ሰበሰበና እስቲ አረፋ አፍስሱበት አላቸው። አፈሰሱበት። ሞተ።

እነዚያ ሴቶች እንዶድ ምን እንደሚያደርግ ከእናታቸው ተምረዋል። የአክሊሉ ድርሻ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቁና ጥያቄውን እስከ መጨረሻው መከተሉ ነበር። በ1966 በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። የሰብል ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ከየአካባቢው የእንዶድ ዓይነት ሰብስቦ፣ አባዝቶ፣ የተሻለውን መረጠ፤ 44 ቁጥር የተሰጠውን።

ከዚያ አድዋ ላይ አምስት ዓመት የፈጀ ሙከራ ተደረገ፤ ከ1969 እስከ 1974። የከተማዋ ጅረቶች በእንዶድ ታከሙ። ውጤቱ የታየው በትንንሾቹ ላይ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል በሽታው ያለባቸው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። አንድም ክንድ ሳይወጋ!

ታዲያ ምን ሆነ? ዓለም አቀፍ ተቋማት መረጃ ጠየቁ። ለሰው፣ ለከብት፣ ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው ይረጋገጥ አሉ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የግብፅን ታሪክ ያነበበ ሰው ጥንቃቄ በዛ ብሎ ሊያማርር አይችልም። እንዶድ እንከን የለሽም አይደለም፤ ዓሣ ይገድላል። ነገር ግን ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ምርመራ በውጭ አገር ቤተ ሙከራ ደረጃ አልተሠራም እየተባለ ሲመለስ፣ እንደገና የሚሠራበት ገንዘብ ሲታጣ፣ ዓመታት ነጎዱ። በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ምርመራው ተቀባይነት ባለው መንገድ ሲሠራ 1980ዎቹ ወደ ማለቂያቸው ተቃርበው ነበር። ለዚህ ሁሉ ጊዜ የተፈቀደው የቀንድ አውጣ መድኃኒት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ የፋብሪካ ኬሚካል ነበር።

አክሊሉና ለገሠ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ስዊድን ላይ ተቀበሉ። አክሊሉ የእንዶድ ጣጣ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን በአፍሪካዊ ምርምር ያለማመን ጣጣ መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገር ነበር። በ1997 አረፈ።

እኔን የሚከነክነኝ የሁለቱ ንጽጽር ነው። መርፌው ነጭ ጋውን ለብሶ፣ የመንግሥት ማኅተም ይዞ ስለመጣ ስንት ደቂቃ ተቀቀለ ብሎ ያስቆመው አልነበረም። እንዶዱ ከልብስ አጣቢ እጅ ስለመጣ ጥያቄው አላልቅ አለ። ጥንቃቄ የሚለካው በአደጋው መጠን ሳይሆን በባለቤቱ ማንነት ሲሆን ውጤቱ ይኸው ነው። ደግሞ ሁሉን በፈረንጅ ማሳበብም አይሆንም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? በየጓሯችን አጥር የነበረውን እንዶድ ነቅለን ጥለን የዱቄት ሳሙና የገዛነው እኛው ነን።

* * *

ያም ሆኖ ታሪኩ በሐዘን አላበቃም፤ የቅርቡ ዘመን ሕክምና ሁለት ደስ የሚሉ ምዕራፎች ጨምሮበታል።

አንደኛው የግብፅ ነው። በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሶፎስቡቪር የሚባል ክኒን ተፈቀደ። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ለ12 ሳምንት ሲወሰድ ሄፓታይተስ ሲን ከአብዛኛው ሰው ደም ጠርጎ ያወጣል። ዋጋው ግን አሜሪካ ውስጥ 84,000 ዶላር፤ አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር መሆኗ ነው። ግብፅ ተደራደረች። በ2014 ያንኑ የ12 ሳምንት መድኃኒት በ900 ዶላር አገኘች፤ ቀጥሎም እዚያው አገር ውስጥ ማምረት ሲጀመር ዋጋው ይበልጥ ረከሰ። ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በሰባት ወር ብቻ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመሩ፤ 2.2 ሚሊዮን ያህሉ የቫይረሱ አሻራ ተገኝቶባቸው ለተጨማሪ ምርመራና ሕክምና ተላኩ። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ «የወርቅ ደረጃ» ሲሰጥ የመጀመሪያዋ አገር ግብፅ ሆነች። በመርፌ የገባውን በክኒን አወጡት። ጋሼ የናቁትን ክኒን!

ሁለተኛው የቢልሃርዚያ ነው። በ1970ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተገኘው ፕራዚኳንቴል የተባለ ክኒን ያንን መርዛም መርፌ ከሥራ አስወጣው። ከ2007 ጀምሮ መርክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ እየሰጠው ነው፤ በእኛም አገር ተማሪዎች በትምህርት ቤት ይውጡታል። ግን ክኒኑ ትልቅ ነው፣ ይመራል፤ ትምህርት ቤት ያልደረሰ ሕፃን አይውጠውም። በዚህ ምክንያት ትንንሾቹ ለአሥርት ዓመታት ተዘለዋል። ኬንያና ኮትዲቯር ላይ ከሦስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ከተፈተነ በኋላ፣ በውኃ የሚሟሟ አነስተኛ የሕፃናት ክኒን በ2023 መጨረሻ የአውሮፓን የመድኃኒት ባለሥልጣን ይሁንታ አገኘ፤ በ2024 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በዝርዝሩ አስገባው።

አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜውን ልብ በል። አድዋ ላይ በእንዶድ ከ50 ወደ 7 በመቶ የወረደው በሽታ የእነዚሁ ሕፃናት ነበር። መድኃኒቱ እነሱ ዘንድ እስኪደርስ ከሙከራው ማብቂያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ፈጀ። አሁንም ቢሆን ክኒኑ ትሉን ይገድላል እንጂ ውኃውን አያጸዳም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያው ወንዝ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ ከክኒኑ ጎን ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ያስፈልጋል ማለቱ ለዚህ ነው። ዞሮ ዞሮ ወደ ወንዙ ዳር ተመለስን።

ይህን ሁሉ በቀደም ለጋሼ አጫወትኳቸው። ጉንፋናቸው በዚያው በክኒኑ ለቋቸዋል። ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣ «እንግዲያው ልጄ፣ ጥፋቱ የመርፌው ሳይሆን የቀቃዩ ነው በለኛ» አሉ። «ልክ ነዎት» አልኳቸው።

ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ «እንዶዱንስ ታዲያ አሁን ማን ያዘው?» አሉኝ።

ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም።