ሁለት ጊዜ ስለሚቀዳ ውሃ

ቋንቋችን ውሃ ለሚቀዳውም፥ መጽሐፍ ለሚቀዳውም አንድ ግሥ ሰጥቷል፤ የሁለቱም ሥራ «መቅዳት» ይባላል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለችው፥ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ስሟ የታወቀው ወለቃ በእንስራዋ የመጀመሪያውን ታሳስበናለች፤ ጎንደርም በብራና ጸሐፊዎቿ ሁለተኛውን። ጸሐፊው አንድ መጽሐፍ ቀድቶ ሲጨርስ ሁለት መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ድካሙ ፍሬ አለው። ከእንስራ ወደ እንስራ የሚያገላብጥ ሰው ግን ጊዜውን ይጨርሳል እንጂ ውሃውን አያበዛም። ይህን ፍሬ የሌለውን መቅዳት ከኮምፒዩተር ውስጥ ለማስወገድ የተደረገውን ጥረት በአጭሩ እንተርካለን።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1984 ዓ. ም. ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኤን ኤፍ ኤስ» የተባለውን ሥርዓት ሠራ። በእርሱም ምክንያት በሌላ ኮምፒዩተር የተቀመጠ ፋይል፥ በአንባቢው ዘንድ ያለ ያህል፥ በኔትወርክ ይነበብ ጀመር። ነገር ግን የመጣው መረጃ አስቀድሞ በመቀበያው ስፍራ ያርፋል፤ ከዚያ ፋይል ወደሚቈይበት የማኅደረ ትውስታ ገጽ ይቀዳል፤ በመጨረሻም አንባቢው ፕሮግራም ወዳዘጋጀው ስፍራ እንደ ገና ይቀዳል። ፕሮሰሰሩም ከማስላት ይልቅ ውሃ ቀጂ ሆነ። በቀድሞው ሥርዓት በአንድ ጊዜ የሚነበበው ከ8192 ባይት አይበልጥም ነበር፤ በ1995 የወጣው ሦስተኛው ሥርዓት ይህን ወሰን ሲያነሣና ኔትወርኩም ሲፈጥን፥ የመቅዳቱ ሸክም ጐልቶ ታየ።

ባለሙያዎቹም መድኃኒት ፈለጉ። በ1999 ሊኑክስ «ሴንድፋይል» የተባለውን ትእዛዝ ይዞ ወጣ፤ ፋይሉ በፕሮግራሙ በኩል ሳያልፍ ወደ ኔትወርኩ እንዲሄድ አደረገ። በ2006 የመጣው «ስፕላይስ» ደግሞ ገጹን በመቅዳት ፈንታ የገጹን አድራሻ ብቻ ያስተላልፋል፤ የሊኑክስ የኤን ኤፍ ኤስ ሰርቨርም ይህን ዘዴ ተቀበለ። በ2010 የወጣው ደንብ፥ ለዚህ የተሠራ የኔትወርክ ካርድ ፕሮሰሰሩን ሳያደክም መረጃውን በቀጥታ በተፈለገበት ማኅደረ ትውስታ እንዲያኖር ፈቀደ።

ይሁን እንጂ ያልተቀዳ ነገር የጋራ ነው። ገጹ ተልኮ ሳያልቅ ሌላ ሰው ቢለውጠው፥ አንባቢው የተለወጠውን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ መቅዳትን የሚተው ሰው መጠበቅን መልመድ አለበት።

ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሩ ቢዘገይበት፥ ሌላ ከመግዛቱ በፊት መረጃው ስንት ጊዜ እንደሚቀዳ ቢጠይቅ እንመክራለን። መጽሐፍ ቀጂውን እናክብር፤ ለውሃው ግን አንድ እንስራ ይበቃዋል።