ስለ ሰጎን ላባ፣ ስለ ዱንጉዛና ስለ እርጥብ ሣር የተጻፈ ዜና መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። በሸንጎ አደባባያቸው በዱቡሻ ለሚቀመጡት ለጋሞ ሽማግሎች ክብር ይሁንና፣ በምድራቸው የሹመት ምልክት እንዴት እንደሚለበስና ስንት እንደሚያስከፍል እንጽፋለን።

ሠራዊት ሁሉ ምልክት አለው። የሸዋ ጀግና የአንበሳ ለምድ ይደርብ ነበር፤ መኰንኑም በነጋሪቱ ይታወቅ ነበር። ስንቅ የሚሸከመውና እህል የሚፈጨው ደጀን ግን ከትከሻው መላጥ በቀር ምልክት አልነበረውም። በጋሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ክብር ለሚያበላ ነው። ሀላቃ የሚባለውን ሹመት የሚቀበል ሰው ለአገሩ ይደግሳል፤ በሬው ይታረዳል፤ ገብሱ ከጎተራ ይወጣል። ሶፌ በሚባለውም ሥርዓት ቀን ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፣ የሰጎን ላባ ሰክቶ፣ ቅቤው በጆሮ ግንዱ እየወረደ በገበያ መካከል ይታያል። ሆሮሶ የሚባለውንም በትር ይይዛል። ላባው ከራስ ላይ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ጎተራውን ያየ ግን ክብደቱን ያውቃል።

በ1887 ዓ.ም. በኅዳር ወር ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ወደ ጋሞ ጎረቤት ወደ ወላይታ ዘመቱ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር አብረው ነበሩ። የወላይታው ካዎ፣ ማለት ንጉሥ፣ ጦናም ቆስለው ተማረኩ። ከዚያ ወዲያ በጋሞ ተራሮች የሆነው ሆነ፤ ጨንቻም የሹም መቀመጫ ሆነች። የሚሾምም የሚሽርም እግዚአብሔር ነው።

ከዚህም በኋላ ከጋሞ ወገን የሆነው የዶርዜ ሸማኔ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ በሽሮ ሜዳ ተቀመጠ። እግሩን ከጉድጓዱ ከትቶ፣ መወርወሪያውን በድሩ መካከል እያመላለሰ፣ መኳንንቱ የሚደርቡትን ኩታ ሠራ። ለባሹ ተከበረ፤ የሠሪው ስም መሰደቢያ ሆነ። ስድቡ ብራና አይገባውምና አንጽፈውም። ሸማኔው ዱንጉዛን ግን አልተወም፤ ይህም ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሰናሰሉበት፣ በቀድሞ ዘመን የካዎና የጀግና ልብስ የነበረ ነው።

ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ በአገረ ገዢው በደጃዝማች አእምሮ ሥላሴ አበበ ዘመን፣ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ብርድ ወርዶ በአርባ ምንጮች አጠገብ ተተከለ፤ አርባ ምንጭም ተባለ። በ2004 ዓ.ም. ነጂ የማይቀመጥባቸው የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከአርባ ምንጭ እንደሚነሡ ተሰማ፤ በ2008 ዓ.ም. መቅረታቸው ተሰማ። ላባ የሌለው ወፍ ለማን እንዳደረ አይታወቅምና ነገሩን እናሳጥር።

አሁን የሽማግሎቹን ድል በስፋት እንናገር። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ የጋሞ ልጆች ደም ፈሰሰ። መርዶው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቱ ተቆጣ፤ በሌለበት ወንጀል ጎረቤቱን ሊበቀልም አሰበ። ያን ጊዜ ሽማግሎቹ ወጡ። ነጋሪት አላስመቱም፤ ጦር አላሰለፉም። ከሜዳ የተነጨ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከ አባትን አልፎ መሄድ በጋሞ ጎሜ የሚባል ክልክል ነው፤ መዘዙ ለዘር ይተርፋል። ከፊት ያለው ቆመ፤ ከኋላ የሚገፋውም ነገሩን ሲረዳ ቆመ፤ የተሰበሰበው ሁሉ ተመለሰ። አገርም ሁሉ ሰምቶ አደነቀ። ጀግና ከጠላቱ ጋር ይዋጋል፤ እነዚህ ግን ከገዛ ልጆቻቸው ሐዘን ጋር ገጠሙ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ዋጋ የማያወጣው ሣር ለምድና ነጋሪት የማይችሉትን ቻለ፤ የያዙት እጆች አስቀድመው አገሩን ያበሉ ነበሩና።

በዚያው ዓመት ጋሞ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ዛሬ ዱንጉዛን በበዓል ቀን ባለሥልጣኑም እንግዳውም ይለብሰዋል፤ ያምርበታልም። ድግሱን ከማን ጎተራ እንደ ደገሰ ግን ዱቡሻው ይጠይቀው።