የአሚሩ መሐለቅና የባቡሩ ካርድ

ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ፈረሱ ከገበያው ከወጣ ቆየ፤ አደባባዩን ባጃጅ ወርሶታል። ባቡር ግን መጥቶ አያውቅም። ሊመጣ ነበር እኮ! አፄ ምኒልክ በ1894 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል የሀዲዱ የመጀመሪያ ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር ነበር። የተራራው ወጪ ሲከብድ መስመሩ ቆላ ቆላውን ይዞ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም እንደ አያቱ ሐረርን አልፏት ሄደ።

ታዲያ የሐረር ልጅ ስለ ባቡር ካርድ ምን አገባው? ያገባዋል፤ ነገሩን ከባቡር በፊት ያውቀዋልና።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ሐረር ሲገባ የከተማዋ ገንዘብ መሐለቅ የሚባል በእጅ የተሠራ ትንሽ የናስ ሳንቲም ነበር። በከተማው ውስጥ ሌላ ገንዘብ ያዘዋወረን ሰው አሚሩ ያለ ርኅራኄ ይቀጡ እንደነበር ጽፏል። ጀጎል ከገባህ በአሚሩ ሳንቲም ነው የምትገበያየው፤ አለቀ። በ1885 ሥልጣን የያዙት የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ያወጡት አዲስ ገንዘብ ደግሞ ነዋሪውን እንዳደኸየ ይነገራል። ሳንቲሙ በኪስህ ቢሆንም ዋጋው ያለው በአውጪው እጅ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ። ሆንግ ኮንግ በ1997 ኦክቶፐስን፣ ለንደን በ2003 ኦይስተርን አወጡ። ካርዱ ባትሪ የለውም፤ በውስጡ አንዲት ቺፕና እንደ አንቴና የሚያገለግል ስስ ጥቅል ሽቦ አለ። ወደ ማሽኑ ሲጠጋ የማሽኑ መግነጢሳዊ መስክ ለቺፗ ኤሌክትሪክ ይሰጣታል፤ ሂሳቡ ይቀነሳል፣ በሩ ይከፈታል። ይህ ሁሉ በዓይን ጥቅሻ ነው። «ዝርዝር የለኝም» የሚል ቲኬት ቆራጭ የለም። ለእኔ ይሄ ብቻውን ሥልጣኔ ነው።

ሲያልቅ ትሞላዋለህ። የሞላኸው ገንዘብ ግን እስክትሳፈር ድረስ የሚቀመጠው በድርጅቱ ዘንድ ነው። ኦክቶፐስ ሱቅም ይሠራል፤ ኦይስተር ላይ ያለ ፓውንድ ግን ሻይ አይገዛም። ፓውንድ መሆኑ ቀርቶ መሐለቅ ሆኗል! መልሱልኝ ላለ ይመለስለታል፤ ግን ለሁለት ፓውንድ ማን ይደክማል? ለዚህም ነው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ በተረሱ ካርዶች ላይ ተኝቶ እንደነበር የተዘገበው።

አዲስ አበባ በ2015 ቀላል ባቡሯን የጀመረችው በወረቀት ትኬት ነበር፤ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር። የሐረር ልጅ ደግሞ ባቡር ሲያምረው ዛሬም በሚኒባስ ድሬዳዋ ይወርዳል። ረዳቱም ዝርዝር የለውም።