ኤ-4 ስካይሆክ፦ ትንሹ የባሕር ኃይል ጄት

ኤ-4 ስካይሆክ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ እየተነሣ ጥቃት እንዲያደርስ የተሠራ የአሜሪካ ቀላል ጄት ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጦር ጄቶች ክብደትና ዋጋ በፍጥነት እያደገ ነበር። የዳግላስ ኩባንያ ዋና ንድፍ አውጪ ኤድ ሃይንማን ግን በተቃራኒው መንገድ ሄደ። የባሕር ኃይሉ እስከ 13,600 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውሮፕላን ሲፈቅድ፣ እሱ የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ የሚመዝን ንድፍ አቀረበ። የክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 8.4 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በጠባቡ መርከብ ላይ ለማቆም ክንፉን ማጠፍ አላስፈለገም። ይህም የማጠፊያውን ክብደትና ውስብስብነት አስቀረ።

አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሰኔ 22 ቀን 1954 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1956 ሥራ ላይ ዋለ። በቬትናም ጦርነት ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ዋና ዋና የቦምብ ጣይ ጄቶች አንዱ ነበር፤ ኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆኑት ጆን ማኬይንም በጥቅምት 1967 ሃኖይ ላይ ተመትተው የተማረኩት በዚሁ አውሮፕላን ሲበሩ ነው። እስራኤል ከአረብ አገሮች ጋር ባደረገችው የ1973 ጦርነት በስፋት ተጠቅማበታለች። በ1982 የፎክላንድ ጦርነት ደግሞ የአርጀንቲና ስካይሆኮች ኮቨንትሪን ጨምሮ የብሪታንያ የጦር መርከቦችን አስጥመዋል።

ምርቱ በ1979 ሲያበቃ 2,960 አውሮፕላኖች ተሠርተው ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጨረሻዎቹን በ2003 ከሥራ አሰናበተ።