ጉዳይ ምን ጎድሎት ነው?

ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት የወጣ ልጅ በሕዝብ ፖሊሲና በዓለም አቀፍ ጉዳዮች ሁለተኛ ዲግሪውን ሲይዝ፣ አገር ቤት የሚደርሰው ወሬ አንዲት ቃል ናት፦ ተመረቀ። የትምህርቱ ስም ረጅም ነውና ከእሷ እንጀምር።

በግእዝ «ወረቀ» ማለት ተፋ ነው፤ ከፊቱ «ም» ሲገባበት «ምራቅ» ይወጣል። ሽማግሌ «እንትፍ እንትፍ» እያለ ስለሚመርቅ፣ የአማርኛው «መረቀ» ከዚሁ ከምራቅ ሳይወለድ አልቀረም። ቃሉ ከዚያ ገበያ ወርዷል። ነፋስ መውጫ ላይ ድንች የምትሸምት ሴት «መርቂልኝ» ስትል ጸሎት አልለመነችም፤ ሚዛኑ ከሞላ ወዲያ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል እንዲደረግላት ነው። ስለዚህ «ምሩቅ» የተባረከም፣ የተጨመረለትም ነው። «ድኅረ ምረቃ»ስ? «ድኅረ» በግእዝ «በኋላ» ነው፤ ከምርቃቱ በኋላ ሌላ ምርቃት ፍለጋ መሆኑ ነው።

«ዲግሪ» መነሻው የላቲን «ግራዱስ» ነው፤ እርከን፣ ደረጃ። የእኛው «ማዕረግ» ከ«ዐርገ»፣ ወጣ ከሚለው፣ የመጣ ነው፤ «ዕርገት»ም እህቱ ናት። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ መሰላል ላይ ተገናኙ። «በማዕረግ ተመረቀ» ስንል ዳገቱንም ምራቁንም አንድ ላይ እንጠራለን።

ዩኒቨርሲቲን በግእዝ ለመሰየም «መካነ አእምሮ» የተባለበት ጊዜ ነበር። «መካን» ከ«ኮነ»፣ ሆነ ከሚለው፣ የሚሆኑበት ቦታ ነው፤ የዐረብኛው «መካን»ም ያው ነው። (ያልወለደችው «መካን» ሌላ ናት፤ በድምፅ ብቻ ተመሳሰሉ።) «አእምሮ» ከ«አእመረ»፣ ዐወቀ፤ «ተአምር»ም «ትእምርት»ም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። የእስቴ ሰው ለቃሉ ባዳ አይደለም፤ ከተማው መካነ ኢየሱስ ነው።

ወደ «ፖሊሲ» እንምጣ። አባቷ የግሪክ «ፖሊስ» ነው፣ ከተማ፤ «ፖለቲካ»ና ዱላ የያዘው «ፖሊስ» ወንድሞቿ ናቸው። የግእዝ «ሀገር»ም ከተማ ነበር፤ በአማርኛ ሰፍቶ ምድሩን ሁሉ አጠቃለለ። በአንጻሩ «ከተማ» ከ«ከተመ» ወጥቶ ጦር የሰፈረበት ቦታ ማለት ነበር። ደብረ ታቦር ይህን ታሪክ በአካል ኖራዋለች፤ ራስ ጉግሣና ራስ ዓሊ ከትመውባታል። ራሶቹ የጎንደር ነገሥታት «እንደራሴ» ነበሩ፦ «እንደ» እና «ራሴ»፣ ንጉሡ «እንደ እኔ ቁጠሩት» ያለው ሰው። ራስ ዓሊ በ1849 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ ቆንስል ከፕላውደን ጋር ውል ተዋውለዋል። የዛሬው ዲፕሎማት «ስምምነት» ይለዋል፤ «ሰምዐ» ሥሩ ነው፣ እርስ በርስ መሰማማት። «ዲፕሎማ»ና «ዲፕሎማሲ» ግን ሁለቱም በግሪክኛ ከታጠፈ ወረቀት የመጡ ናቸው። ምርጫው ለእኔ ቢተው ከተጣጠፈው የተሰማማው ይሻለኛል።

«አስተዳደር»ን በአጭሩ ልለፈው፦ ሥሩ «ኀደረ»፣ አደረ ነው። «ማኅደር»ም ከዚያው ነው፤ የአስተዳደር ቢሮ ያለ ማኅደር የማይሠራው በሥጋ ዝምድና ጭምር ነው።

የትምህርቱ ስም ዋና ቃል «ጉዳይ» ናት። ብዙ ሰው ሥሯን ሳይጠይቅ ያልፋታል። ሰዓት ስንቆጥር ግን ሳናውቀው እንመሰክራለን፤ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ማለት ሩብ ይጎድላል ማለት ነው። ከ«ቆረጠ» «ቁራጭ»፣ ከ«ቆረሰ» «ቁራሽ» እንደሚወጣ፣ ከ«ጎደለ»ም «ጉዳይ» ይወጣል፤ «ከፈለ» «ከፋይ» ሲሆን «ል» እንደሚለዝብ እዚህም «ይ» ሆኗል። ስለዚህ ጉዳይ ማለት ገና ያልሞላ ነገር ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ወረቀቱን ይዞ የተቀመጠው «ባለጉዳይ» የጎደለው አለ ማለት ነው። አምባሳደር በሌለበት ኤምባሲውን የሚመራው «ጉዳይ ፈጻሚ» ጎዶሎውን የሚሞላ ነው። የቢሮው ደላላ «ጉዳይ ገዳይ» ደግሞ ይሙላው አይሙላው እንጃ፣ ይገድለዋል፤ በስሙ ውስጥ «ል» ሁለት ጊዜ መለዘቡን ልብ ይሏል።

ለእኔ ከ«ፖሊሲ» ይልቅ «ጉዳይ» ለዚህ ትምህርት ትስማማለች። ፖሊሲ ከከተማ ይነሣል፣ ጉዳይ ከጉድለት።

«የውጭ ጉዳይ» መሥሪያ ቤት የቆመው ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ነው። «ሚኒስትር» በላቲን አገልጋይ ነው፤ ሹመቱን ለያዘው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ግን የነበረው ማዕረግ፣ የነጋዴዎች አለቃ፣ የበለጠ ይገልጸው ነበር። ንግዱንና የውጭ ጉዳዩን አንድ ላይ ያዘ። «ነገደ» በግእዝ ነገደም ተጓዘም ነው፤ «እንግዳ»ም የወጣው ከዚሁ ሥር ነው።