ቅርንፉድና ቅቤ በሼክ ሁሴን መንገድ

ቅርንፉድ የባሌ ደጋ ተክል አይደለም። የጥንት አገሩ ዛሬ በኢንዶኔዢያ ሥር ያሉት የሞሉካ ደሴቶች ናቸው። ስሙም ከዐረብኛው «ቀረንፉል» ጋር አንድ ስለሆነ የመጣበትን አቅጣጫ ይናገራል። ስለዚህ ብርቱውን የቅርንፉድ ጠረን በፀጉርና በአንገት ይዞ መውጣት ከባሕር ማዶ የተቀዳ የነጋዴ ልማድ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ፤ እንቡጡ መጤ ነው፣ ሽቶው ግን የተሠራው እዚሁ፣ ከብት በሚረባበት አገር ነው።

መንገዱን እንይ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዶች ንግዱን ለብቻቸው ለመያዝ በሌሎች ደሴቶች የነበሩትን ዛፎች እየቆረጡ እርሻውን በአምቦን ዙሪያ ወስነውት ነበር፤ በዚያ ዘመን ቅርንፉድ ብርቅ ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን የዛንዚባር እርሻ ተስፋፋና ቅመሙ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ረከሰ። በባሌ ያለው የድሬ ሼክ ሁሴን መቃብር ደግሞ ከሐረር፣ ከአርሲ፣ ከኦጋዴንና ከበናድር ጠረፍ ሳይቀር ባለ መንታ ጫፍ ዘንግ የያዙ ምእመናንን በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበስባል። ከ1783 እስከ 1794 እ.ኤ.አ. ሐረርን የገዙት አሚር ዐብዱ ሸኩር በዚያ ሕንጻ እንዳሠሩ ይነገራል። እንዲህ ያለ የሰው ጎርፍ ባለበት ሩቅ መንገድ ደግሞ በጥቂቱ ብዙ የሚያወጣ፣ በመሐረብ ጫፍ የሚቋጠር ሸቀጥ ይመቻል። ቅርንፉድ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

አሁን ወደ ቅቤው። ቅርንፉድ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ እንቡጥ ነው፤ አራት ጥርስ መሰል ቅጠሎች ትንሽ ክብ ራስ ያቅፋሉ፤ ደኅናው በጥፍር ሲጫኑት ዘይት ያወጣል። የዚያ ዘይት ዋና ክፍል ዩጂኖል ነው፤ በውኃ እምብዛም አይሟሟም፣ በስብ ግን ይሟሟል። ሽቶ የሚያነጥር ባልነበረበት ደጋ ጠረኑን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቀው ቅቤ ነበር። ቅቤ ለፀጉር ማለስለሻና ከፀሐይ መከላከያ እንጂ ለሽታ አልነበረም የሚል መልስ ይሰጠኝ ይሆናል። ለማለስለስማ ለጋ ቅቤ ብቻውን በቂ ነው፤ አደስ የሚወቀጠው፣ ቅርንፉድም በገንዘብ ተገዝቶ የሚጨመረው ለጠረኑ ነው። ከርቤና ዕጣን በቅርብ ቆላ ሳሉ የባዕድ ቅመም ለምን አስፈለገ ለሚለውም መልሱ ከአገልግሎታቸው ይገኛል፤ ዕጣን በፍም ላይ ተጥሎ ቤትን ያውዳል፣ ቅርንፉድ ግን ያለ እሳት ከገላ ጋር ይውላል። ዛሬ ብዙ ሙስሊሞች የሚመርጡት አልኮል የሌለበት የዘይት ሽቶ የሚሠራውም በዚሁ ብልሃት ነው፤ በቅቤው ፈንታ ሌላ ዘይት ገብቷል።