ወታደር ከግንባር ተመልሶ ቤት ከመግባቱ በፊት የት ይረፍ? ከቆጵሮስ እስከ ዲንሾ

ዲንሾ ላይ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ቢሮ አካባቢ፣ የደጋ አጋዘን በቅርብ ርቀት ታያላችሁ። ሳር እየጋጠ ድንገት አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ዙሪያውን ይቃኛል። አደጋ ከሌለ ተመልሶ ይግጣል። ከጦር ግንባር የተመለሰ ሰው ችግር ምን መሰላችሁ? አንገቱን ቀና ማድረጉን በደንብ ተምሯል፤ መልሶ ዝቅ ማድረጉ ነው ያቃተው።

ከግንባር የተመለሰ ወንድም፣ አባት ወይም የሰፈር ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሳታዩ አትቀሩም። ካፌ ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን እያየ ይቀመጣል። በር ጓ ሲል ይደነግጣል። ሌሊት ይነቃል። ቤተሰብ «ተቀየረብን» ይላል፣ እሱ ደግሞ የሚያወራው ይጠፋበታል።

ለዚህ ችግር የተለያዩ አገሮች ከሞከሩት መላ አንዱ ቀላል ነው። ወታደሩን ከጓደኞቹ ጋር ለጥቂት ቀናት ወደ ተፈጥሮ ማውጣት፣ እንዲራመድ፣ ዓሣ እንዲያጠምድ፣ እሳት ዳር እንዲቀመጥ ማድረግ። ዛሬ እሱን እንይ፤ ምንድነው? ይሠራል ወይ? እንደ ዲንሾ ያለ ቦታስ ምን ሊሰጥ ይችላል?

▪️ «ዲኮምፕሬሽን» ሲባል

ቃሉ የሚታወቀው ከባህር ጠላቂዎች ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የቆየ ጠላቂ በአንዴ ሽቅብ ቢወጣ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ እየቆመ፣ እያረፈ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ወታደርም እንደዚያው ነው። ከግንባር በቀጥታ ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ ሰውን ከባህር ወለል በአንድ ጊዜ መጎተት ማለት ነው።

ድሮ ይህን ሥራ ሳይታሰብ የሚሠራው መርከብ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወታደሮች ወደ አገራቸው የተመለሱት ቀናትና ሳምንታት በፈጀ የባህር ጉዞ ነው። የኛው ቃኘው ሻለቃም በ1943 ዓ.ም ከጅቡቲ ተነስቶ ኮሪያ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ በባህር ተጉዟል። በእንደዚህ ዓይነት ጉዞ ወታደሩ የሚተኛው አብሮት ከተዋጋው ሰው አጠገብ ነው። ያወራል፣ ይስቃል፣ የሞተውን ያነሳል። አገሩ ሲደርስ ቢያንስ ጥቂቱን አራግፏል።

በቬትናም ጦርነት ግን ነገሩ ተለወጠ። አሜሪካዊው ወታደር ተራው ሲደርስ ብዙ ጊዜ ብቻውን አውሮፕላን ይሳፈርና በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ እናቱ ቤት ይገኛል። ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ልቡ ገና እዚያው እያለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ፒቲኤስዲ የሚባለውን ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ ሕመም በይፋ መዝገቡ ላይ ያሰፈረው ከዚያ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

▪️ ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

የእንግሊዝ ጦር ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የሚመለሱ ወታደሮቹን ቤታቸው ከመላኩ በፊት ቆጵሮስ ላይ ያሳርፋቸው ነበር። ቆይታው አንድ ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ይዋኛሉ፣ ሥጋ ይጠብሳሉ፣ ቢራ እንኳ ተቆጥሮ ይሰጣቸዋል፤ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚጠብቃቸውም ይነገራቸዋል። ካናዳና ፈረንሳይም ከአፍጋኒስታን ሲመለሱ እዚያው ደሴት ላይ ተመሳሳይ ማረፊያ ነበራቸው።

ሁለተኛው ዓይነት ከተመለሱ በኋላ የሚደረግ ጉዞ ነው። «አውትዋርድ ባውንድ» የተባለው ድርጅት በአሜሪካ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የጦር ተመላሾችን በቡድን ተራራና ወንዝ ላይ ያወጣል። «ፕሮጀክት ሂሊንግ ዋተርስ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ዋልተር ሪድ በተባለው የጦር ሆስፒታል ለቆሰሉ ወታደሮች ዓሣ ማጥመድ በማስተማር ተጀመረ። ዓሣው ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ነው። ይህን ዓሣ ልብ በሉት፣ ዲንሾ ስንደርስ እናገኘዋለን።

▪️ ይሠራል ወይ?

ሁለት ጥናቶችን እንይ። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ4 እስከ 7 ቀን በቡድን ተፈጥሮ ውስጥ የቆዩ 98 የጦር ተመላሾችን ተከታተሉ። ከጉዞው በኋላ የተሳታፊዎቹ ስሜትና ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት ተሻሽሎ ተገኘ፤ ከአንድ ወር በኋላም የተወሰነው መሻሻል አልጠፋም። ይበልጥ የተሻሻሉት ደግሞ ሲመጡ በጣም የባሰባቸው ነበሩ።

ሁለተኛው የአሜሪካ ባህር ኃይል ጥናት ነው። የድብርት ሕመም ያለባቸውን 96 ወታደሮች ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በማዕበል ላይ እንዲንሸራተቱ፣ ግማሾቹን በእግር እንዲጓዙ አደረገ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስድስት ሳምንት። የሁለቱም ቡድን ድብርት ቀነሰ፤ በድብርቱ መጠን በመካከላቸው የጎላ ልዩነት አልታየም።

ይሄ ምን ይነግረናል? ውድ መሣሪያም ውቅያኖስም የግድ አይደለም። መራመድ ብቻውን ብዙ ይሠራል። ግን አናጋን። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ምንም ካልተደረገለት ቡድን ጋርም አላነጻጸሩም። ተራራ የሐኪምን ቦታ አይተካም። ቡድኑ ከተበተነ በኋላ ክትትል ከሌለ ጥቅሙ ሊተን ይችላል።

▪️ ለኛ አዲስ ነገር ነው?

አይደለም። ስሙ ነው አዲስ። ከሰው ተለይቶ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ራስን አርግቶ መመለስ አገራችን ሲያደርገው የኖረ ነው። ክርስቲያኑ ሱባኤ ይገባል፣ ጸበል ቦታ 7 ወይም 14 ቀን ይቀመጣል። ሙስሊሙ በረመዳን የመጨረሻ አሥር ቀናት መስጊድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ይቀመጣል። ባሌ ውስጥ ደግሞ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሄደው ሰው ጫፉ የተሰነጠቀ በትሩን ይዞ፣ እያዜመ፣ በቡድን ረጅም መንገድ በእግር ይጓዛል። ሁሉም ላይ አንድ የሚመሳሰል ነገር አለ። መውጫ ቀን አለው፣ መመለሻ ቀን አለው፣ ሰው ብቻውን አይተውም።

መንግሥትም ወታደርን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ልምድ አለው። በ1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ በተቋቋመ ኮሚሽን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ወደ ሲቪል ኑሮ እንዲመለሱ ተደርጓል። ወደ ገጠር ለተመለሱት እህል፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ይሰጥ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሕዝቡ ለመመለስ ዕቅድ ወጥቷል።

ክላሽ በአንድ ቀን ይመለሳል። ዘርና ብርም በአንድ ቀን ይታደላል። ሰውነት ግን የለመደውን ንቃት በአንድ ቀን አያስረክብም። ለዚህ ነው በካምፑና በቤቱ መካከል አንድ ማረፊያ የሚያስፈልገው።

▪️ ለምን ዲንሾ?

ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከፍታዋ 3,100 ሜትር አካባቢ ነው። ከሮቤ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም ሲሆን መስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ዝናው አይደለም፣ ቅርበቱ ነው። ከዋና ቢሮው ሳይርቁ በጽድና በኮሶ ዛፎች መሐል መራመድ ይቻላል። አጋዘን፣ ከርከሮና ድኩላ አጠገባችሁ ይግጣሉ። ራቅ ማለት ለሚፈልግ በእግርና በፈረስ የብዙ ቀን መንገድ አለ። በወይብ ሸለቆ በኩል፣ የፊንጫ አበራን ፏፏቴ አይቶ፣ ድንኳን እየተከሉ ወደ ሳነቴ መውጣት ነው። እዚያ አስታና ጅባራው፣ ፍልፈል የሚያድነው ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ነው። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል።

ያ ትራውት ዓሣስ? ከብዙ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቋል፤ ዛሬ ወይብና ዳንካ ውስጥ ይገኛል። ዋልተር ሪድ የተጀመረው ነገር እዚህ የማይቻልበት ምክንያት የለም ለማለት ነው። ፈቃድ ግን ከፓርኩ ይጠየቃል።

አንድ ነገር መርሳት የለብንም። ይህ ተራራ ራሱ ጦርነት ያውቃል። በዋቆ ጉቱ የተመራው የባሌ አመጽ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም ቆይቷል፤ ያበቃውም ፓርኩ በተቋቋመበት ዓመት ነው። የዲንሾ ሽማግሌ የራሱ ትዝታ አለው። ወታደሮችን ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ማናገር ያለበት ነዋሪውን ነው። የደንብ ልብስ ቤት ይቀራል፣ መሣሪያ አይመጣም፣ ፈረስና መሪ ከአካባቢው ይቀጠራል።

▪️ ለጓደኞቻችሁ ለማዘጋጀት ካሰባችሁ

• ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል። አብረው ያገለገሉ ቢሆኑ ይመረጣል።
• ከ4 እስከ 7 ቀን ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን ዲንሾ እረፉ፣ ከፍታው ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ያመጣል። የራስ ጉዳት ያለበት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።
• ከኅዳር እስከ የካቲት ቀኑ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን በረዶ ይሠራል። ወፍራም ጃኬትና ጥሩ የመኝታ ከረጢት ያዙ።
• መጠጥ አይኑር። እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል እንጂ ያበላሻል።
• ማንንም «ተናገር» ብላችሁ አታስጨንቁ። እሳት ዳር ቡና ይፈላ፣ የሚያወራ ያወራል፣ ዝም የሚል ዝም ይላል።
• በሥነ ልቦና ወይም በአእምሮ ጤና የሠለጠነ አንድ ሰው አብሮ ይሂድ።
• ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደህንነት ጠይቁ።
• ከወር በኋላ የምትገናኙበትን ቀን እዚያው ሳላችሁ ቁረጡ። ይህን የዘለለ ጉዞ ሽርሽር ሆኖ ይቀራል።

ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ወይም ሰው ሊጎዳ የሚችል ከሆነ ግን ለጉዞው አትጠብቁ። ብቻውን አትተዉት፣ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት። ባሌ ላላችሁ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

ዲንሾ መሄድ ለማይችል ቤተሰብም የሚሆን ነገር አለ። ልጁ ሲመለስ በመጀመሪያው ምሽት ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አትጥሩበት። «ሰው ገድለሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፣ ቀድማችሁ አስቁሙት። እራት ያቅርቡለት፣ ይተኛ። በማግስቱ ጠዋት ጫማችሁን አድርጋችሁ «ና እስቲ ትንሽ ወክ እናድርግ» በሉት። ከነገ ወዲያም እንደገና ጥሩት።